ጣሪያው ወለል ሲሆን



ሽብር የፈጠራ ወሬ ነው ብዬ አልጀምርም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ወደ መሀል ከተማ ሲገቡ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ተኮሱባቸው። በቀጣዩ ዓመት በግዮን ሆቴልና በዋቢ ሸበሌ ሆቴል ቦምብ ፈነዳ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ አቦሌ በተባለ የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ በተከፈተ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር በተጋጠመበት ዕለት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሶማሊያውያን ቦምቡ ፈንድቶባቸው ሞቱ። መንግሥት እንዳለው የታሰበው የኳሱን ተመልካች ለመፍጀት ነበር። ያን ቀን ስታዲየም የነበራችሁ ካላችሁ፣ ያተረፋችሁ ሕግ አይደለም፤ የቦምብ ሠሪዎቹ እጅ መሳት ነው።

ስለዚህ መንግሥት ሕዝቡን ከእንዲህ ያለ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህን ከሚክድ ሰው ጋር የምከራከርበት ጊዜ የለኝም። የምከራከረው ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ "ደኅንነት ከፈለግህ ከነፃነትህ ጥቂት ቀንስ" ከሚለው ጋር። ይህ አባባል ሲሰሙት የገበያ ስምምነት ይመስላል፤ እንዲህ ሰጥቼ እንዲያ ተቀበልኩ ዓይነት። ነገር ግን ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰው አይደሉም። የሚሰጠው ሌሊት በሩ የሚንኳኳበት ሰው ነው። ተቀባዩ እኔና እናንተ ነን፤ ያውም ተቀበልን ተብለን ከሆነ።

እንግሊዞች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የኒው ዮርክ ጥቃት በኋላ ባወጡት ሕግ በሽብር የተጠረጠሩ የውጭ ዜጎችን ያለ ክስና ያለ ፍርድ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር ፈቀዱ። ቤልማርሽ የሚባል ወኅኒ ቤት ውስጥ አጎሯቸው። ነገሩ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ዘንድ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ሕጉ የሰብአዊ መብት ግዴታን ይጥሳል ሲሉ ወሰኑ። አንዱ ዋና ምክንያታቸው ቀላል ነበር፦ አደጋው ከእንግሊዛዊ ተጠርጣሪም ይመጣል፤ እንግሊዛዊውን ሳታስር ባዕዱን ብቻ የምታስር ከሆነ፣ ዋጋውን ያስከፈልከው ድምፅ የሌለውን ሰው ነው። የእንግሊዝ ዳኛ ሕግን መሰረዝ አይችልም፤ ቢሆንም ፓርላማው በወራት ውስጥ ያንን የሕግ ክፍል ትቶ ሌላ አወጣ። የተተካውም ቢሆን ከወቀሳ አላመለጠም። እሱ ለሌላ ቀን።

ይህን ያነሣሁት እንግሊዝን ለማመስገን አይደለም። የእኛ የመጀመሪያው ፀረ ሽብር ሕግ ከእንግሊዙ ጋር የቅርብ ዝምድና ስለነበረው ነው።

ወደ እኛው እንምጣ። የሙባረክ ጉዳይ ሲዳኝ ኢትዮጵያ ፀረ ሽብር የሚባል ሕግ አልነበራትም። ሦስት ግብፃውያን ተይዘው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ተከሰሱ፤ ሞትም ተፈረደባቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰው መግደል፣ ማፈንዳት፣ ማገት ከጥንትም ወንጀል ነበር። ልዩ ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2001 ባወጣው ውሳኔ 1373 አገሮች ሁሉ ሽብርን በሕጋቸው በከባድ ወንጀልነት እንዲደነግጉ አዘዘ፤ ሽብር ምን እንደሆነ ግን አልተረጎመም። እያንዳንዱ መንግሥት ባዶውን ቦታ በገዛ እጁ እንዲሞላ ተተወ። መንግሥታት ደግሞ ባዶ ቦታ ሲሰጣቸው በምን እንደሚሞሉት ታውቃላችሁ።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነሐሴ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ሥራ ላይ ነበር። ትችት በበዛበት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2004 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት የሰጡት መልስ፣ ሕጉ በዓለም ላይ ካሉ ምርጥ ፀረ ሽብር ሕጎች ቃል በቃል የተወሰደ ነው የሚል ነበር። ብዙ ሰው ይህን መልስ እንደ ፌዝ ቆጠረው። እኔ በቁም ነገር ልወስደው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በከፊል እውነት ነው። አንቀጽ 6ን አንብቡ። ለሽብር ተግባር ማበረታቻ ነው ተብሎ በሕዝቡ ወይም በከፊሉ ሊወሰድ የሚችል መልእክት ያሳተመ ሰው ይቀጣል ይል ነበር። ይህ አነጋገር እ.ኤ.አ. የ2006 የእንግሊዝ የሽብር ሕግ አንቀጽ 1 ቅጂ ነው። የተቀዳው ግን እስከ አንድ መስመር ድረስ ነው። በእንግሊዙ ሕግ ዐቃቤ ሕግ ጸሐፊው አስቦበት ወይም ውጤቱን እያወቀ በቸልታ እንዳደረገው ማስረዳት አለበት። በእኛው አንቀጽ ይህ ሐሳብ አልነበረም። የእንግሊዙ ቅጣት በዚያን ጊዜ ቢበዛ 7 ዓመት ነበር፤ የእኛው ከ10 ዓመት ይጀምርና 20 ላይ ይቆም ነበር። ጋዜጠኛው ምን አስቦ ጻፈ የሚለው ጥያቄ ተሰርዞ፣ አንባቢው ምን ሊመስለው ይችላል የሚለው ቀረ።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን የእስር ቀኑ ጉዳይ ነው። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ የሕግ ተማሪዎች ትንሽ ታገሡኝ፤ እናንተ የምታውቁትን ለሌሎቹ ላስረዳ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። ማለትም ዳኛው ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ከ14 ቀን በላይ ግን አይችልም። 14 ቀን ጣሪያ ነው።

እንግሊዞችም በራሳቸው ጣሪያ ላይ ተጣልተዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2005 በለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 52 ሰዎች ሞቱ። ቶኒ ብሌር ከአራት ወር በኋላ ተጠርጣሪን ያለ ክስ 90 ቀን ለማሰር ፈቃድ ጠየቁ። የሟቾቹ ሐዘን ገና አልወጣም፤ ሕዝቡ ፈርቷል፤ ፖሊስ ይጠቅመኛል ብሏል። ሆኖም የገዛ ፓርቲያቸው አባላት ጭምር አምፀው በ322 ለ291 ድምፅ አሸነፏቸው። ብሌር በዚያ ምክር ቤት ሲሸነፉ የመጀመሪያቸው ነበር። 28 ቀን ላይ ተስማሙ፤ ያም አንድ ተጠርጣሪ በጠቅላላው ከዚህ በላይ እንዳይታሰር። እ.ኤ.አ. በ2011 እሱም በዝቷል ተብሎ ወደ 14 ቀን ወረደ።

አሁን የእኛን የ2001ዱን አዋጅ አንቀጽ 20 ተመልከቱ። እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን ያላነሰ ይሁን፤ ጠቅላላው ከአራት ወር አይለፍ፤ ዋስትና የለም ይል ነበር። ቁጥሩ ያው 28 ነው። ነገር ግን ለንደን ላይ "ከዚህ አትለፍ" የተባለው፣ አዲስ አበባ ላይ "ከዚህ አትነስ" ሆነ። የእነሱ ጣሪያ የእኛ ወለል ሆነ። ዳኛው ፋይሉን አገላብጦ "ለዚህ ሥራ አምስት ቀን ይበቃል" ብሎ ቢያምን እንኳ አምስት ቀን መስጠት አይችልም ነበር። ሕጉ ከዳኛው እጅ ላይ የወሰደው ሥልጣን ሁሉ በዚህች አንዲት ቁጥር ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደነበር ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪዎች ቡድን ጉዳይ ያሳያል። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. እና በማግስቱ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ክስ እስኪመሠረትባቸው ሦስት ወር ያህል ማዕከላዊ በተባለው የምርመራ እስር ቤት ቆዩ። ከክሱ ውስጥ ኮምፒዩተርንና የስልክ ግንኙነትን ከጠላፊ ለመጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ይገኝ ነበር። በሐምሌ 2007 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀራቸው የአምስቱ ክስ ተነሣ። በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው። ነፃ ተባሉ፤ እሰየው። ግን ዓመት ከመንፈቅ ታስረው ነው። ስለ ሽብር ትርጉም የሚደረገው የሊቃውንት ክርክር በሙሉ ለእነዚህ ልጆች ምንም አልጠቀማቸውም፤ ትርጉሙ ላይ የተደረሰው ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ነበርና።

ስለዚህ አስተያየቴን ልናገር። በየጉባኤው ጊዜያችንን የሚበላው "ሽብር ምንድን ነው" የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ፍጹም ትርጉም ያለው አዋጅ በእጃችን ቢሰጠን እንኳ፣ ቀጠሮውን፣ ማስረጃውንና አሸባሪ የሚባሉ ድርጅቶችን ዝርዝር የያዘው አካል ጠያቂ ከሌለው፣ ያው ነው የሚሆነው። የሰው ነፃነት በትርጉም አንቀጽ ውስጥ አይኖርም። የሚኖረው ማን ስንት ቀን ያስራል፣ በምን ማስረጃ፣ ማንስ "ተው" ይለዋል በሚለው ውስጥ ነው።

ስለ ማስረጃው። የ2001ዱ አዋጅ አንቀጽ 23 በሽብር ጉዳይ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሪፖርት፣ ምንጩንና የተገኘበትን መንገድ ባይገልጽም እንኳ፣ በማስረጃነት ተቀባይነት አለው ይል ነበር። ይህን ሳነብ የሚታወሰኝ የጥንቱ ሌባሻይ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ንብረት ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ይሰክራል፤ በገመድ ተይዞ መንደሩን ይዞራል፤ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው። የቤቱ ባለቤት "እኔ አይደለሁም" ቢል ማንን ይጠይቃል? ልጁ አያውቅም፣ ተናጋሪው መድኃኒቱ ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። ሌባሻይ ቀርቷል፤ የቀረውም ልጁ በጨዋ ሰዎች ደጃፍ ላይም ሊወድቅ ስለሚችል ጭምር ይመስለኛል። ምንጩ የማይታወቅ ሪፖርት በፍርድ ቤት ሲነበብ ጠበቃ የሚያደርገው ነገር የለም። ማን ሰማ? የት ሰማ? ጠላት ይሁን ወዳጅ? ሁሉም ዝግ ነው።

የዚያው አዋጅ አንቀጽ 12ም የራሱ ቅድመ አያት አለው። የሽብር ድርጊት ሊፈጸም መሆኑን እያወቀ ያልተናገረ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰር ነበር። አውጫጭኝ የምንለው ሥርዓት፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አገሬውን በሙሉ ሜዳ ላይ አስቀምጦ ማዋል ነበር። ከብቱ ይራባል፤ እርሻው ይቆማል፤ መንደሩ ይናገራል። አንዳንዴ እውነተኛውን ወንጀለኛ፣ አንዳንዴ ደካማውን ጎረቤት። ይህን የምለው የኛ ባህል ለማኅበሩ ጸጥታ ሲል ግለሰቡን መጫን አዲስ እንዳልሆነበት ለማስታወስ ነው። የዚህኑ ያህል "በሕግ አምላክ" የሚል ቃል ሲሰማ የሚቆም ሰው ያለበት ባህልም ነው። ሁለቱም የእኛ ናቸው።

ከፍርዶቹ አንዱን ላንሣ። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በመስከረም 2004 ተይዞ በዚያው ዓመት ሐምሌ 18 ዓመት ተፈረደበት። ከቀረበበት ማስረጃ ውስጥ በአደባባይ ስብሰባ ላይ ስለ አረብ አገሮች አብዮት የተናገረው ነበረበት። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጠቁሩ አያለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ጠመንጃ ማንሣቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ2004 ፍርድ ግን በ2004 ማስረጃ ነው የሚመዘነው። ሰው ከዓመታት በኋላ ጠመንጃ አነሣ ብለን፣ ያኔ ብዕር ይዞ የተፈረደበትን ፍርድ ወደ ኋላ ሄደን ማጽደቅ አንችልም። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙም ነበረች። 14 ዓመት ተፈረደባት፤ ይግባኝ ሰሚው ወደ 5 ዓመት አወረደው። ከ14 ወደ 5 የሚወርድ ቅጣት መጀመሪያ በምን ተመዝኖ ነበር?

የስለላው ጉዳይም በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረም። አዋጁ በአንቀጽ 14 የስልክና የኢንተርኔት ጠለፋን በፍርድ ቤት ፈቃድ ብቻ ይፈቅድ ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። የካናዳው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ግን ከኢትዮጵያ የሚመራ የስለላ ሶፍትዌር ውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ኮምፒዩተሮች ላይ መገኘቱን አሳወቀ፤ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችም ዒላማ ነበሩ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ኪዳኔ በሚል የተሸፈነ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ከኢሜይል ጋር የተላከ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለው ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ኖሯል ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ስለላው አልተደረገም ብሎ አይደለም፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው ብሎ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዳኛ አለ ተብሎ፣ ሜሪላንድ ላይ ደግሞ የሚከሰስበት ዳኛ ታጣ።

ወደ ዝርዝሩ ልለፍ። አዋጁ ድርጅትን አሸባሪ ብሎ የመሰየም ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ። በ2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አምስት ድርጅቶችን ሰየመ፦ አልቃይዳ፣ አልሸባብ፣ ግንቦት 7፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) እና የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ)። ያን ጊዜ ከ547ቱ መቀመጫዎች 545ቱ የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ነበሩ። አንዴ ስም ከወጣ በኋላ፣ ከድርጅቱ ጋር ስልክ የተደዋወለ፣ ጽሑፉን ይዞ የተገኘ፣ ጣቢያው ላይ ቃለ መጠይቅ የሰጠ ሁሉ ለዐቃቤ ሕግ የተመቸ ነው። ከዚያ ምን ሆነ? ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቆመው፣ መንግሥት ራሱ በእስረኞች ላይ የፈጸመው ግፍ ሽብር መሆኑን አመኑ። በዚያው ሰኔ መጨረሻ ላይ ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ ከዝርዝሩ ወጡ። የግንቦት 7 መሪ የነበሩት ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሕወሓትና መንግሥት "ሸኔ" የሚለው ታጣቂ ቡድን ተሰየሙ፤ የመጀመሪያውን አዋጅ ካወጡት ዋነኛው ሕወሓት በተተኪው አዋጅ አሸባሪ ተባለ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕወሓት ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። 

እኔን የሚያሳስበኝ ማን ገባ ማን ወጣ አይደለም። ሁሉም ዝውውር የፖለቲካ ውሳኔ መሆኑ ነው። ሲሰየሙ ማስረጃ በዳኛ ፊት አልተመረመረም፤ ሲሰረዙም እንዲሁ። በመካከሉ በዚያ ስም የታሰረው ተራ ሰው ዕድሜው አልተመለሰለትም። አልቃይዳንና የአገር ውስጥ ተቃዋሚን በአንድ ውሳኔ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ማውጣት መሰየም ማለት፣ እውነተኛው አሸባሪ በፖለቲካ ክርክር መሀል እንዲደበቅ ማድረግ ነው። ሕዝቡ ዝርዝሩን አላመነም። ሕዝብ የማያምነው ዝርዝር ደግሞ ለደኅንነቱም አይጠቅም፤ ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። ኬንያ ከእኛ ይልቅ በአልሸባብ ተጎድታለች። በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ማንዴራ አጠገብ ከአውቶቡስ ያወረዷቸውን 28 ሰዎች ገደሉ። መንግሥት በወር ውስጥ የጸጥታ ሕጎች ማሻሻያ አዋጅ አመጣ፤ በምክር ቤቱ አባላት መካከል ድብድብ ሳይቀር ተፈጥሮ ጸደቀ። ተቃዋሚዎች ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. አምስት ዳኞች ስምንት አንቀጾችን ቆርጠው ጣሉ፤ ሕዝብን ያስደነግጣል የተባለ ነገር ማተምን የሚቀጣውም፣ በአገሪቱ የሚኖሩ ስደተኞች ከ150,000 እንዳይበልጡ የሚለውም ከእነሱ ውስጥ ነበሩ። የቀረው ሕግ ጸና።

በዚያው የአውሮፓ ዓመት በሚያዝያ ወር በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገደሉ። "ይኸው! ዳኞቹ ናቸው" ሊባል ይችላል። ነገር ግን ያን ቀን የጎደለው የመንግሥት ሥልጣን አልነበረም። ጥቃቱ ንጋት ላይ ሲጀመር ልዩ ኃይሉ ናይሮቢ ነበር፤ ጋሪሳ ደርሶ ወደ ውስጥ እስኪገባ ለብዙ ሰዓታት ተማሪዎቹ ሲገደሉ ዋሉ። የጎደለው አውሮፕላንና ፍጥነት ነበር። ጋዜጠኛ የሚያስር አንቀጽ አውሮፕላን አይሆንም።

በእኛ አገር የኬንያን ዳኞች ዓይነት ሥራ የሚሠራ ፍርድ ቤት የለም። ሕገ መንግሥቱ ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር የማመዛዘን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያጣራል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ የ2001ዱ አዋጅ አንቀጽ 20 የሕገ መንግሥቱን የዋስትና መብት ይጥሳል ብሎ ቢያምን፣ የሚችለው ወደዚያ መምራት ብቻ ነበር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ የፖለቲካ ምክር ቤት ነው። ከሕገ መንግሥቱ ሌላ ብዙ ነገር ቢቀየር እንኳ ይህ እስካልተነካ፣ አዋጅ አውጪውም ተቆጣጣሪውም የፖለቲካ ምክር ቤት ሆነው ይቀጥላሉ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ከቀድሞው ይሻላል። ይህን ሳልሸሽ እናገራለሁ። የሥራ ማቆም አድማና በሕግ የታወቀ ሰላማዊ ሰልፍ የሕዝብ አገልግሎት ቢያስተጓጉልም ሽብር እንዳልሆነ በግልጽ ጽፏል። "ማበረታታት" የሚለው ወንጀል ወጥቶ ማነሣሣት ተተካ። የ28 ቀኑ ወለል ተነሣ። ለዚህ የደከሙ የሕግ ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ድርጅትን የመሰየም ሥልጣን አሁንም የምክር ቤቱ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጋዜጠኞች እንደገና በሽብር ተከሰዋል።

ከዚህም በላይ የሆነው ሌላ ነገር ነው። አዋጁ ሲጠብ ጎን ያለው በር ተከፈተ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ለመላ አገሪቱ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለአማራ ክልል የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝን ፈቀዱ። ሁለተኛው በጥር 2016 ተራዝሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ ዘለቀ። በፀረ ሽብር ሕግ የተያዘ ሰው ቢያንስ ክስ አለው፤ ፋይል አለው፤ ጠበቃ የሚሟገትበት አንቀጽ አለው። በአስቸኳይ ጊዜ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ ዛሬም ስለ ፀረ ሽብር ሕጉ ብቻ የምንከራከር ከሆነ፣ ፖሊሱ ጥሎት የሄደውን በር እየጠበቅን ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህን አስቀድሞ አስቦታል፤ ያውም በሚገርም ዝርዝር። አንቀጽ 93 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ እንኳ የማይነኩ መብቶችን ይቆጥራል፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አንዱ ነው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ለቦርዱ ከሰጠው ሥራ የመጀመሪያው፣ በአስቸኳይ ጊዜው ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሰሩበትንም ምክንያት መግለጽ ነው። አንቀጽ 93፣ ንዑስ አንቀጽ 6፣ ፊደል ሀ። ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ የሊቃውንት ጉባኤ አያስፈልገውም። ስም፣ ምክንያት፣ አንድ ወር። ልጇ ከቤት ተወስዶባት ከጣቢያ ጣቢያ ስንቅ ተሸክማ የምትዞር እናት ስለ ሽብር ትርጉም ምንም ሳታውቅ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠበቆች፣ ጋዜጠኞች፣ የምክር ቤት አባላትም እዚህ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በሠላሳኛው ቀን ቦርዱ ቢሮ ደጃፍ ቆሞ "ዝርዝሩ የታለ?" ማለት የማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የተሰጠኝ ሰዓት ሞልቷል። ማይክራፎኑን ወደ እናንተ ላዙረው፤ በተለይ ከሕግ አስከባሪ በኩል የመጣችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ የእናንተን ወገን ያህል አልተናገርኩም።